በርና ባንኮኒ፦ አንዱን ጾታ ብቻ የማስተናገድ ልማድና የሕግ ታሪኩ

«ሴት ወደ ማጀት፥ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው የቆየ ብሂል ሥራን ብቻ ሳይሆን ሥፍራንም ያከፋፍላል። ማጀት የታወቀ ግድግዳ አለው፤ ችሎትም የታወቀ አደባባይ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ሊገባባቸው የሚችል የሚመስሉ ብዙ ቤቶች አሉ። ምግብ ቤቱ፥ መጠጥ ቤቱ፥ ሆቴሉ፥ የሰውነት ማጎልመሻው፥ የሥዕል ማሳያው የእነዚህ ዓይነቶች ናቸው። ቤቶቹ የግል ንብረት ናቸው፤ በራቸው ግን ለሕዝብ የተከፈተ ነው። እንግዲህ «ነጋዴ አንዱን ጾታ አስተናግዶ ሌላውን ከደጅ ሊመልስ ይገባዋልን?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ በግልና በሕዝብ መካከል ባለው ደፍ ላይ ነው።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ይመስላል። በአንዱ ቤት ቢራ የተከለከለ ሰው ወደ ሌላው ቤት ተሻግሮ ሊጠጣ ይችላልና። ሆኖም በኒው ዮርክ፥ በለንደንና በብሪዝበን ከተሞች ይህ ተራ የሚመስል ጉዳይ ዳኞችን አከራክሯል፤ ሕግ አውጭዎችን አሠርቷል፤ ሠዓሊያንንና ደራስያንንም አነጋግሯል። ምክንያቱን ለመረዳት በሩን ብቻ ሳይሆን ከበሩ በስተጀርባ የሚካሄደውን ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተለየው በር

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ታላላቅ ሆቴሎች ለሴቶች የተለየ መግቢያና የተለየ የመመገቢያ አዳራሽ ነበራቸው። ይህ አሠራር በዘመኑ እንደ አክብሮት ይቆጠር ነበር። የትምባሆ ጢስና የሰካራም ጩኸት የ«ጨዋ ሴት» ጆሮና አፍንጫ እንዳይነካ የታሰበ ጥበቃ ነው ይባል ነበር። ጥበቃው ግን ዋጋ ነበረው። አጃቢ ወንድ የሌላት ሴት ማታ ማታ በብዙ ምግብ ቤቶች አትስተናገድም ነበር፤ ብቻዋን የመጣች ሴት ጠባይዋ ያጠራጥራል ተብሎ ይገመት ስለ ነበር ነው።

በ1868 የኒው ዮርክ ጋዜጠኞች ክለብ ለእንግሊዛዊው ደራሲ ለቻርልስ ዲከንስ በዴልሞኒኮ ምግብ ቤት የእራት ግብዣ ባዘጋጀ ጊዜ ሴት ጋዜጠኞች መግቢያ ተከለከሉ። ከተከለከሉት አንዷ ጄን ከኒንግሃም ክሮሊ ነበረች። ክሮሊ በጽሑፍ ሥራዋ የታወቀች ባለሙያ ነበረች፤ ስለዚህም የተነፈጋት እራት ብቻ አልነበረም። የሙያ ጓዶቿ ከታላቁ ደራሲ ጋር የሚገናኙበት ምሽት ነበር። እርሷም በዚያው ዓመት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና «ሶሮሲስ» የተባለውን የሴቶች ክለብ መሠረተች፤ የክለቡም ስብሰባ ይደረግ የነበረው በዚያው በዴልሞኒኮ ቤት ነበር። ወንዶች በዘጉት በር ምክንያት ለሴቶች ብቻ የሆነ በር ተከፈተ ማለት ነው። ይህ ክሥተት ኋላ ለሚነሣው ክርክር ቁልፍ ነውና ሊዘነጋ አይገባም።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፥ በ1907፥ የሴቶች የምርጫ መብት ታጋይ የነበረችው ሃሪየት ስታንተን ብላች ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር በኒው ዮርክ ሆፍማን ሃውስ ለእራት ብትሄድ ወንድ አልተከተላችሁም ተብለው ተመለሱ። ብላች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደችው፤ ግን ተረታች። ማጀትን ትታ ወደ ችሎት ያቀናች ሴት ችሎቱም ገና የወንዶች መሆኑን ተገነዘበች።

ሥዕሉና መጠጥ ቤቱ

በኒው ዮርክ ከተማ በምሥራቅ ሰባተኛ ጎዳና ላይ የሚገኘው የማክሶርሊ መጠጥ ቤት በአሜሪካ ሥነ ጥበብ ውስጥ ልዩ ሥፍራ አለው። ቤቱን የከፈተው ከአየርላንድ የፈለሰው ጆን ማክሶርሊ ሲሆን፥ ቤቱ ራሱ ልደቱን በ1854 ይቆጥራል። ወለሉ ሰጋቱራ የተነሰነሰበት፥ ግድግዳው በአሮጌ ሥዕሎችና በጋዜጣ ቁራጮች የተሸፈነ፥ ብርሃኑ የደበዘዘ ቤት ነው። የቤቱ መፈክር ሦስት ነገሮችን ያጣመረ ነበር፤ መልካም ቢራ፥ ጥሬ ሽንኩርትና የሴት አለመኖር።

ሠዓሊው ጆን ስሎን በ1912 የዚህን ቤት ባንኮኒ ሥሎታል። ሥዕሉ ዛሬ በዲትሮይት የሥነ ጥበብ ተቋም ይገኛል። በጨለምለም ባለው ክፍል ውስጥ በባንኮኒው ዙሪያ የቆሙት ወንዶች እርጋታ፥ ሠርቶ አደር ከድካሙ የሚያርፍበትን ሰዓት በፍቅር የሚያሳይ ነው። ስሎን የተራውን ሕዝብ ኑሮ የሚሥሉት የኒው ዮርክ ሠዓሊያን ወገን ነበር፤ የሴቶችንም የምርጫ መብት የደገፈ ሰው ነበር። ይህም ሆኖ በዚያ ሥዕል ውስጥ ሴት የለችም፤ ልትኖርም አትችልም ነበር። ሠዓሊው ያየውን ሣለ። ተመልካቹ ግን ያልተሣለውንም መጠየቅ ይችላል።

ጸሐፊው ጆሴፍ ሚቸል ደግሞ በ1940 በ«ኒው ዮርከር» መጽሔት ስለዚሁ ቤት ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። ሽማግሌዎቹን፥ ድመቶቹን፥ የማይጣደፈውን ጊዜ ገለጠ። በሚቸል ትረካ መሠረት በቤቱ ውስጥ ትታገሥ የነበረችው ሴት ኦቾሎኒ እያዞረች የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች። ለመሸጥ መግባት ተፈቅዶላት ነበር፤ ሌሎች ሴቶች ግን ለመግዛት እንኳ አልተፈቀደላቸውም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የቤቱ ባለቤትነት ታሪክ ነው። በ1936 ቤቱን የገዛው ዳንኤል ኦኮነል ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሞት ንብረቱን ለሴት ልጁ ለዶሮቲ ተወላት፤ እርሷም ሴት እንዳታስገባ ለአባቷ ቃል ገባች። ቃሏንም ጠበቀች። ባሏ ቤቱን ሲያስተዳድር እርሷ ወደ ገዛ ንብረቷ የምትገባው እንግዶች ከሄዱና በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። የቤቱ ጌታ ሴት ሆና የቤቱ ሕግ ሴትን የሚያገል መሆኑ፥ ልማድ ከንብረትም በላይ ሥልጣን እንዳለው የሚያሳይ ነው።

ከባንኮኒው ኋላ

ጉዳዩ የጠጪዎች ብቻ አልነበረም። ከባንኮኒው ፊት መቆም የተከለከለች ሴት ከባንኮኒው ኋላ ቆማ እንጀራዋን እንዳትበላም ተከልክላ ነበር። የሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሕግ 50,000 ወይም ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ሴት መጠጥ ቀጂ እንዳትሆን ያግድ ነበር፤ የወንድ ባለቤት ሚስት ወይም ልጅ ከሆነች ብቻ ይፈቅድላታል። የመጠጥ ቤት ባለቤት የሆነች ሴት ራሷም ሆነች ልጇ ግን በገዛ ቤታቸው መቅዳት አይችሉም ነበር። ይህ ሕግ በ1948 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በስድስት ድምፅ ለሦስት ጸና። አባት ወይም ባል ካለ ሴቲቱ ከአደጋ ትጠበቃለች የሚለው አስተሳሰብ ለፍርዱ መሠረት ሆነ።

ስለዚህ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ ፊቱ ርኅራኄ ይመስላል፤ በሌላው ፊቱ ግን ጥሩ ጉርሻ የሚገኝበትን የሌሊት ሥራ ለወንዶች አጥር ሆኖ ይጠብቃል። ከ28 ዓመት በኋላ፥ በ1976፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከኦክላሆማ በመጣ ክስ ላይ ይህን የቀድሞ አስተሳሰቡን ተወ። የኦክላሆማው ሕግ ቀላል ቢራ ለሴቶች በ18 ዓመታቸው፥ ለወንዶች ግን በ21 ዓመታቸው እንዲሸጥ የሚያዝ ነበር። እዚህ ላይ የተበደሉት ወጣት ወንዶች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። በጾታ ላይ የተመሠረተ ልዩነት ከበድ ያለ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል የሚለው መመዘኛ የተደነገገው በወንዶች አቤቱታ ነው።

ሰንሰለቱ

በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት ሴት በሕዝብ መጠጥ ቤት ባንኮኒ እንዳትስተናገድ የሚከለክለው የነጋዴ ፈቃድ ሳይሆን የግዛቱ የመጠጥ ሕግ ራሱ ነበር። ሴቶች በጎን ባለ «የእመቤቶች እልፍኝ» ውስጥ ተቀምጠው፥ አብዛኛውን ጊዜ በውድ ዋጋ ይጠጡ ነበር። መጋቢት 31 ቀን 1965 መርል ቶርንተንና ሮዛሊ ቦግነር የተባሉ ሁለት ሴቶች በብሪዝበን ከተማ ሬጋታ ሆቴል ገብተው መጠጥ ጠየቁ፤ ሲከለከሉም ራሳቸውን ከባንኮኒው ሥር ካለው የእግር መደገፊያ ብረት ጋር በሰንሰለት አሰሩ። ፖሊስ ተጠራ፤ ወሬው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1970፥ ክልከላው ከሕጉ ተሠረዘ።

ሰንሰለቱን ስለ ቢራ ብቻ የታሰረ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። በዚያን ጊዜ በአውስትራሊያ ፌዴራላዊ የመንግሥት ሥራ ያገባች ሴት ቋሚ ሠራተኛ መሆን አትችልም ነበር። መርል ቶርንተን ይህን ሕግ ለማስለወጥ ጭምር ትታገል ነበር፤ እርሱም በ1966 ተሻረ። ከባንኮኒው የተገለለችውና ከመሥሪያ ቤት የተሰናበተችው ሴት አንዲት ነበረች። ሁለቱም በሮች የተዘጉት በአንድ መወርወሪያ ነበር።

ከባንኮኒው ወደ ችሎት

አሜሪካ በ1964 ያወጣችው የሲቪል መብት ሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች በዘር፥ በቀለም፥ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ምክንያት ሰው እንዳይመልሱ ከለከለ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ግን ጾታ አልተጻፈም። ስለ ሥራ ቅጥር የሚናገረው የሕጉ ክፍል ጾታን ሲጠቅስ፥ ስለ አገልግሎት የሚናገረው ክፍል ዝም አለ። ሴቲቱ በሕግ ፊት ሠራተኛ ሆና ታየች፤ ደንበኛ ሆና ግን ገና አልታየችም።

ይህን ክፍተት ለመፈተን የሴቶች ድርጅቶች በ1969 መጀመሪያ ላይ ተነሡ። በየካቲት ወር ደራሲዋ ቤቲ ፍሪዳን ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና በምሳ ሰዓት ለወንዶች ብቻ ወደ ተከለለው የፕላዛ ሆቴል ኦክ ሩም ገባች፤ አስተናጋጆቹ ጠረጴዛውን ከፊታቸው አንሥተው ወሰዱት። በጥር ወር ደግሞ ፌዝ ሳይደንበርግና ካረን ዲክሮው ወደ ማክሶርሊ ገብተው መጠጥ ጠይቀው ነበር። አልተቀዳላቸውም። እነርሱም ክስ መሠረቱ።

የክሱ ዋና ችግር እንዲህ ነበር። በ1868 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሥራ አራተኛ ማሻሻያ የሚያዝዘው መንግሥትን ነው፤ የግል ነጋዴን አይደለም። ከሳሾቹ ለዚህ ያቀረቡት መልስ፥ መጠጥ መሸጥ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይቻልም፤ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው መንግሥት ከሆነ በማግለሉም ተካፋይ ነው የሚል ነበር። ዳኛ ዋልተር ማንስፊልድ ሰኔ 25 ቀን 1970 በሰጡት ፍርድ ይህን ክርክር ተቀበሉ። መጠጥ ቤት ለሴት አደገኛ ሥፍራ ነው የሚለውንም ምክንያት ውድቅ አደረጉ። ዳኛው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ ከታወቀው «ሐምሌት» የሴትን ደካማነት የሚናገረውን የታወቀ ሐረግ አንሥተው፥ ዘመኑ ከዚያ አስተሳሰብ ማለፉን አመለከቱ።

የኒው ዮርክ ከንቲባ ጆን ሊንድሴይ ነሐሴ 10 ቀን 1970 በሕዝብ መስተናገጃዎች የጾታ ልዩነት የሚከለክለውን የከተማ ሕግ ፈረሙ። በዚያው ቀን ጋዜጠኛዋ ሉሲ ኮሚሳር ወደ ማክሶርሊ በገባች ጊዜ አንድ ጠጪ ቢራውን በራሷ ላይ አፈሰሰባት። ዶሮቲ ኦኮነል በገዛ ቤቷ የመጀመሪያዋ ተስተናጋጅ እንድትሆን ብትጠየቅ፥ ለአባቷ የገባችውን ቃል አስባ እምቢ አለች። የመጀመሪያው ብርጭቆ የተቀዳው በአጠገቡ የቆዳ ሥራ ሱቅ ለነበራት ጎረቤት ሆነ። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤት ግን የተሠራው በ1986፥ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይፈረማል፤ ቤት ግን በአንድ ቀን አይታነጽም።

የዳኛ ማንስፊልድ ፍርድ መሠረት ብዙ ሳይቆይ ተናጋ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 በሌላ ጉዳይ፥ ጥቁር እንግዳ አላስተናግድም ባለ ክለብ ላይ በቀረበ ክስ፥ የመጠጥ ፈቃድ መስጠት ብቻውን መንግሥትን የማግለሉ ተካፋይ አያደርገውም ሲል ወሰነ። ስለሆነም በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደረገው የሕገ መንግሥቱ ትርጉም መሆኑ ቀርቶ የከተማው ሕግ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ መብት በዳኛ ብልኀት ላይ ብቻ ሲመሠረት ተንሳፋፊ እንደ ሆነና ሥር የሚይዘው ሕዝብ በመረጣቸው ሸንጎዎች ሲጻፍ መሆኑ ነው።

የፍሊት ስትሪት ወሬ

ለንደን ውስጥ በፍሊት ስትሪት የሚገኘው ኤል ቪኖ የተባለ የወይን ጠጅ ቤት የጋዜጠኞችና የጠበቆች መዋያ ነበር። ሴት እንግዳ አይመልስም፤ በባንኮኒው ቆማ እንድትጠጣ ግን አይፈቅድላትም። በስተኋላ ባለው ክፍል ተቀምጣ አስተናጋጅ እንዲያቀርብላት ትጠብቃለች። የሕግ ባለሙያዋ ቴስ ጊልና ጋዜጠኛዋ አና ኩት በባንኮኒው እንዲቀዳላቸው ጠይቀው ሲከለከሉ፥ በ1975 በወጣው የጾታ ልዩነትን የሚከለክል ሕግ መሠረት ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። መጠጡ ያው፥ ዋጋው ያው፥ ወንበርም ተሰጥቷቸዋል፤ ታዲያ ምን ጎደለባቸው? የሚለው ጥያቄ ሚዛን ደፋ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በኅዳር 1982 ፍርዱን ገለበጠ። ከዳኞቹ አንዱ፥ ዳኛ ግሪፊትስ፥ ነገሩን ከሥሩ ገለጡት። ቤቱ የጋዜጠኞች መዋያ እንደ መሆኑ የዕለቱ ወሬ የሚለቀመው በባንኮኒው ዙሪያ ነው፤ በኋላ ክፍል የተቀመጠች ጋዜጠኛ ወይኑን ትጠጣለች፤ ወሬው ግን ያመልጣታል። ጋዜጠኛ ያለ ወሬ ገበሬ ያለ ዘር ማለት ነው። በዚህ ፍርድ ሕጉ ከብርጭቆው ወደ ብርጭቆው ዙሪያ ተሻገረ፤ የአገልግሎት ትርጉምም ከሚቀዳው መጠጥ አልፎ መጠጡን ተከትሎ የሚገኘውን ግንኙነት ጨመረ።

ይኸው ሐሳብ በአሜሪካ የክለቦችን ግድግዳ ነቀነቀ። ጄሲስ የተባለው የወጣት ወንዶች ድርጅት ሴቶችን ድምፅ አልባ አባላት አድርጎ ይቀበል ነበር፤ በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚኒሶታ ሕግ ሙሉ አባል አድርጎ እንዲቀበላቸው ሊያስገድደው እንደሚችል ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣው የኒው ዮርክ ከተማ ሕግ ደግሞ ከ400 በላይ አባላት ያሉት፥ ዘወትር ምግብ የሚያቀርብና አባል ካልሆኑ ሰዎች ለንግድ ሥራ ክፍያ የሚቀበል ክለብ «ፈጽሞ የግል ነው» ሊባል አይችልም ሲል ደነገገ። ምክንያቱም በእነዚህ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ የንግድ ውል ይፈረማል፤ የሥራ ዕድገትም ይወሰናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 ሕጉን አጸናው። ሆኖም ትናንሽና በእውነት የግል የሆኑ ማኅበራት አልተነኩም፤ ሰው ወዳጁን የመምረጥ ነጻነቱ ተጠበቀለት።

እንግሊዝ በዚህ ረገድ ለግል ክለቦች ይበልጥ ታጋሽ ናት። የ2010 የእኩልነት ሕግ የአንድ ጾታ ማኅበራት እንዲኖሩ ይፈቅዳል። ስለዚህም በ1831 የተመሠረተውና ስሙን ከተዋናዩ ዴቪድ ጋሪክ የወሰደው የለንደኑ ጋሪክ ክለብ፥ የተዋንያንና የዳኞች መሰብሰቢያ ሆኖ ሳለ፥ እስከ ግንቦት 2024 ድረስ ሴት አባል አልነበረውም። የተለወጠው በአባላቱ ድምፅ እንጂ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ሴት አባላትም መካከል ታዋቂዎቹ ተዋንያን ጁዲ ዴንችና ሺያን ፊሊፕስ ይገኛሉ። በአንድ መድረክ አብረው የተወኑ ሰዎች በአንድ ማዕድ እንዲቀመጡ 193 ዓመት ፈጀ።

የተገላቢጦሹ ጥያቄ

በሩ ለሴቶች ሲከፈት ሌላ ጥያቄ ተከትሎ መጣ። ለሴቶች ብቻ የተከፈተ በርስ? በካሊፎርኒያ መኪና ማጠቢያዎችና የምሽት መዝናኛዎች በተወሰኑ ቀናት ለሴቶች የዋጋ ቅናሽ ያደርጉ ነበር። አንድ ወጣት ይህን በመቃወም ከሰሰ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1985 ለእርሱ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮዝ በርድ ሴት ነበሩ። በፍርዱ መሠረት ጉዳዩ የጥቂት ሳንቲም ልዩነት አይደለም። ሰውን በግል ማንነቱ ሳይሆን በጾታው የሚመዝን የዋጋ ዝርዝር ሴትንም ወንድንም በአሮጌ ሥዕል ውስጥ ያስቀምጣል። ሴቲቱ በእርግጥ በዚያ ቀን ርካሽ ትጠጣለች፤ ነገር ግን የምትጋበዘው ወንዶችን ለመሳብ እንደ ማስታወቂያ ሆና ነው።

በማሳቹሴትስ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። አንድ ጠበቃ ለሴቶች ብቻ የሆነ የሰውነት ማጎልመሻ ቤት እንዲያስገባው ከስሶ በ1997 ቢፈረድለትም፥ የግዛቱ ምክር ቤት በሚከተለው ዓመት እንዲህ ያሉ ቤቶች በአንድ ጾታ ብቻ እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ብዙ ሴቶች በሰው ዓይን ሳይለኩ ሰውነታቸውን የሚያጠነክሩበት ሥፍራ ይፈልጉ ነበርና ሕግ አውጭው ይህን ሰማ። በባንኮኒው ዙሪያ የሚለቀመው ዓይነት ወሬና ውል በዚያ ቤት ውስጥ አለመኖሩን ልብ ይሏል። ወንዱ ያጣው ቦታ በአቅራቢያው በሌላ ቤት ይገኝለታል፤ የሚቀርበት የሥራ ዕድልም የለም።

የእመቤቶች እልፍኝ

ይህ ክርክር በመጨረሻ ተመልሶ ወደ ሥነ ጥበብ ገባ። በአውስትራሊያ የታዝማኒያ ግዛት፥ በሆባርት ከተማ በሚገኘው የጥንታዊና የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፥ አርቲስት ኪርሻ ኬቼል በ2020 «የእመቤቶች እልፍኝ» የተባለ የሥነ ጥበብ ሥራ አቀረበች። አረንጓዴ ሐር የተጋረደበት፥ ሴቶች በወንድ አሳላፊ ሻምፓኝ የሚቀዳላቸው ክፍል ነበር። ወንድ ጎብኚ አይገባም። ስሙም አሳቡም የተወሰደው ሴቶች በጎን ክፍል ብቻ ይስተናገዱበት ከነበረው ከአውስትራሊያ መጠጥ ቤት ታሪክ ነው።

በ2023 አንድ ወንድ ጎብኚ 35 የአውስትራሊያ ዶላር የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ እልፍኙን ሳያይ በመመለሱ አቤቱታ አቀረበ። ኬቼልና ደጋፊዎቿ ጥቁር ሰማያዊ ልብስ ለብሰው በችሎቱ ተገኙ፤ አንድ ላይ እግራቸውን እያቆላለፉና እየፈቱ ክርክሩን ራሱን ትርኢት አደረጉት። በሚያዝያ 2024 የግዛቱ ጉባኤ ለአመልካቹ ፈረደ። እልፍኙ ተዘጋ፤ የፒካሶ ናቸው የተባሉት ሥዕሎችም ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ተዛወሩ። ጥቂት ቆይቶ ሥዕሎቹን የሠራቻቸው ራሷ ኬቼል መሆኗን ገለጠች። ወንዶቹ ለማየት የተሟገቱለት ታላቅ ሀብት ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።

በመስከረም 2024 ግን የታዝማኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጉባኤውን ውሳኔ ሻረ። የግዛቱ ሕግ የተጎዳን ወገን እኩል ዕድል ለማሳደግ ለታሰበ ሥራ ልዩ ሁኔታ ይሰጣል፤ እልፍኙም ሴቶች የቀደሙትን አባሎች ቦታ ለአንድ አፍታ እንዲቀምሱ የታሰበ በመሆኑ በዚህ ልዩ ሁኔታ ሊጠቃለል ይችላል ተባለ። ወንዱ ተመልካች በደጅ ቀርቶ የተሰማው ቅሬታ የሥነ ጥበቡ አንድ ክፍል ነበር። የተቀበለው ስሜት ሴቶች ከመቶ ዓመት በላይ የተቀበሉት ስሜት ነውና።

ይሁን እንጂ የካሳው ክርክር ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የትናንቱ በደል የዛሬውን ልዩነት ያጸድቃል ከተባለ፥ የበደሉ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀበትን ቀን ማን ይቆጥራል? በሌላ በኩል ሕግ ጨርሶ ታሪክ የለሽ ቢሆን፥ ጉልበተኛው የዘጋውን በርና ተገፊው የሠራውን መጠለያ በአንድ ዓይን ያያል። የክሮሊ ክለብና የዲከንስ እራት በእኩል ሚዛን ሊቀመጡ አይችሉም፤ አንደኛው የሌላው ውጤት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ መመዘኛ ይወጣል። የሚመዘነው በሩ ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ ሳይሆን ከበሩ በስተጀርባ የሚከፋፈለው ሀብት ጭምር ነው። ወሬ፥ ውል፥ ሥራና ሥልጣን የሚገኝበት ቤት ለሕዝብ ክፍት ነኝ እያለ ግማሹን ሕዝብ የሚመልስ ከሆነ፥ ነጋዴው የሚሸጠው መጠጥ ብቻ ሳይሆን አድልዎም ነው። የሰውነትን ገመና ለመጠበቅ የተከለለ ሥፍራ ግን ከዚህ ይለያል። ያለፈን መድልዎ ለማረም የተከፈተ ሥፍራም ምክንያቱን በየጊዜው ማስረዳት እስከቻለ ድረስ ሊታገሡት ይገባል። ምክንያቱ ሲያረጅ በሩም መከፈት አለበት፤ ይህ ግዴታ ለወንዶችም ለሴቶችም እኩል ነው።

የማክሶርሊ ቤት ዛሬም በምሥራቅ ሰባተኛ ጎዳና ይሠራል። ሰጋቱራው አለ፤ ሽንኩርቱም አልቀረም። በ1994 የባለቤቱ ሴት ልጅ በዚያ ባንኮኒ ኋላ ቆማ ለመቅዳት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስሎን የሣለው ሥዕል በዲትሮይት ግድግዳ ላይ እንዳለ ነው፤ ወንዶቹም በዚያ ደብዛዛ ብርሃን እንደ ቆሙ ናቸው። የተለወጠው ከሥዕሉ ውጭ ያለው ዓለም ነው። ዛሬ ሥዕሉን አይታ ወደ ቤቱ ጎራ ማለት የምትፈልግ ሴት ቀድማ ወደ ችሎት መሄድ አያስፈልጋትም፤ ሌሎች አስቀድመው ሄደውላታልና።